የከረመ ቤንዚን ሽታ

ለዓመታት በጎተራ ጥግ ተሸፍኖ የቆየ ባለአራት ጎማ ሞተር ሲገለጥ ከመልኩ ቀድሞ የሚደርሰው ሽታው ነው። በካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ቀላሉ ይተንና ከባዱ ይቀራል፤ የቀረው ከአየር ጋር እየተዋሃደ ወደ ቢጫ፣ የሚያጣብቅ ቨርኒሽ ይለወጣል። ሽታው ከአዲስ ቤንዚን ሽታ ፈጽሞ የተለየ፣ ጎምዛዛና ጉሮሮ የሚይዝ ነው። በላዩ የደረቀ ጭቃ፣ ያረጀ ጎማ፣ የሻገተ የመቀመጫ ስፖንጅና የግራሶ ሽታ ይደረብበታል። በአሜሪካ፣ በደቡብ ዌስት ቨርጂኒያ ሸለቆዎች በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ላደገ ሰው ይህ ድብልቅ ሽታ ብቻውን አይመጣም። እርጥብ የመጸው ቅጠል፣ ከድንጋይ ከሰል ክምር የሚነሳ ጥቁር አቧራ፣ ሸለቆው ላይ የተኛ የማለዳ ጉም፣ ከዳገቱ ወገብ የሚሰማ የባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ድምፅ ተከትለውት ይመጣሉ።

ከሽፋኑ ሥር የሚገኘው ብዙ ጊዜ ሆንዳ ፎርትራክስ 300 ነው። ይህ ሞተር ከ1988 እስከ 2000 ተሠርቷል፤ በአሜሪካ በብዛት ከተሸጡ ባለአራት ጎማ ሞተሮችም አንዱ ነው። ሞተሩ 282 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 74 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምት 65.5 ሚሊሜትር ነው። አምስት የፊት ማርሽና አንድ የኋላ ማርሽ አለው። የእጅ ፍሪሲዮን የለውም፤ የማርሹ መርገጫ ሲረገጥ ፍሪሲዮኑ ራሱ ይለቃል። ኃይል ወደ ጎማ የሚሄደው በዘንግ ስለሆነ ጭቃ የሚበላው ሰንሰለት የለበትም። ኤፍ ደብሊው የሚል ፊደል የተጨመረበት ዓይነት አራቱንም ጎማ ሁልጊዜ ያሽከረክራል። ዝናው በፍጥነት አልነበረም፤ በመጽናት ነበር። የማገዶ እንጨት ይጎትታል፣ በአደን የተገደለ አጋዘን ከተራራ ያወርዳል፣ በክረምት ከፊቱ ብረት ታስሮለት በረዶ ይጠርጋል። እሑድ ደግሞ ታጥቦ የልጆቹን ጉጉት ይዞ ወደ ተራራ ይወጣል።

ያኔ የሚነዳበት መንገድ በካርታ የተሣለ አልነበረም። የከሰል ኩባንያዎች ማሽን ለማስገባት ተራራውን በወገቡ ዙሪያ ቆርጠው የሠሯቸው ደልዳላ እርከኖች፣ የግንድ ጫኝ መኪና የጠረጋቸው ቁልቁለቶች፣ የጋዝ ቧንቧ የተቀበረባቸው ገላጣ መስመሮች ሁሉ መንገድ ነበሩ። መታጠፊያው የሚታወቀው በተዘጋ የማዕድን ጉድጓድ አፍ፣ በመብረቅ በተመታ የኦክ ዛፍ፣ ውኃውን ዝገት ባቀላው ምንጭ ነበር። ታላቅ ወንድም ለታናሹ፣ አጎት ለወንድሙ ልጅ መንገዱን የሚያስተምረው ከፊት እየነዳ ነው። አቧራው ጥቁር ስለነበረ ከጉዞ የተመለሰ ሰው ፊት ላይ ነጭ የሚታየው የዓይን ዙሪያ ብቻ ነበር።

ሞተሩ ራሱም ከኋላው ታሪክ ጎትቶ የመጣ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የሆንዳ የአሜሪካ ነጋዴዎች አንድ ችግር ነበረባቸው፤ ክረምት ሲገባ ሞተር ሳይክል የሚገዛ አይገኝም። በበረዶም ሆነ በጭቃ የሚሄድ ነገር እንዲሠራላቸው ጠየቁ። ኦሳሙ ታኬውቺ የተባለው የሆንዳ መሐንዲስ ብዙ ዓይነት ጎማና እግር ከሞከረ በኋላ ወፋፍራም፣ ለስላሳ፣ ትንሽ አየር የሚበቃቸው ሦስት ጎማዎች ላይ ደረሰ። በ1970 ዩኤስ 90 ተብሎ ለገበያ ቀረበ፤ ዋጋው 595 ዶላር ነበር፤ ቆይቶም ኤቲሲ 90 ተባለ። የዚህ ሞተር አሞርዛተር ጎማው ራሱ ነበር። ከፊት አንድ ብቻ ስለሆነ ግን ሲታጠፍ በቀላሉ ይገለበጥ ነበር። በ1982 ሱዙኪ ኳድራነር የተባለውን ባለአራት ጎማ አወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። የጉዳቱ ቁጥር እየጨመረ በመሄዱ በ1988 አምራቾቹ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በፍርድ ቤት ፊት ተስማምተው ባለ ሦስት ጎማውን መሸጥ አቆሙ። ፎርትራክስ 300 ገበያ የገባው በዚያው ዓመት ነው። ሰፋ ብሎ መቆሙ፣ ዝቅ ማለቱ፣ አለመቸኮሉ ከዚያ ዘመን ትምህርት ጋር የተያያዘ ነው።

ዛሬ በእነዚያው ተራሮች የሚነዳ ሰው ሌላ ዓለም ያገኛል። በ1940ዎቹ መጨረሻ በዌስት ቨርጂኒያ ከ120,000 በላይ ሰዎች በከሰል ማዕድን ይሠሩ ነበር፤ በ2000 ከ20,000 በታች ቀርተዋል። በዚያው ዓመት ሃትፊልድ–ማኮይ የተባለው የመንገድ ሥርዓት ተከፈተ። ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በተግ ፎርክ ወንዝ ግራና ቀኝ ደም ከተቃቡ ሁለት ቤተሰቦች ነው። ኩባንያዎቹ የተዉአቸው መንገዶች ተጠርገው፣ ቁጥርና ምልክት ተሰጥቷቸው፣ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነው ተያይዘዋል። አረንጓዴ ምልክት ቀላሉን፣ ሰማያዊ መካከለኛውን፣ ጥቁር አስቸጋሪውን ያመለክታል። ነጂው ፈቃድ ይገዛል፣ የራስ ቁር ያጠልቃል። እንደ ሜትዋን ባሉ አነስተኛ ከተሞች ከተራራው ወርዶ እስከ ምግብ ቤቱ ደጃፍ መንዳት ይችላል። በአንድ ወቅት የከሰል ባቡር ሲጫንበት የነበረ ሜዳ አሁን ተጎታች ይቆምበታል።

አሮጌው ሞተር ከጎተራ የሚወጣው ወደዚህ አዲስ ዓለም ነው። በመንገዱ ላይ የሚያገኛቸው ሞተሮች ነዳጅ በኮምፒዩተር የሚለካላቸው፣ መሪያቸው በኤሌክትሪክ የሚታገዝ፣ አራቱም ጎማ ለየብቻው የሚወርድ የሚወጣላቸው፣ አንዳንዶቹም 1,000 ሲሲ የደረሱ ናቸው። ከእነሱ ጋር ለመፎካከር አሮጌውን ማሻሻል ገንዘብ ማባከን ነው። ማሻሻሉ ዋጋ የሚኖረው ዓላማው ሌላ ሲሆን ነው፤ ያ ሞተር የተወደደበትን ጠባይ ሳያጣ ለዛሬው መንገድ እንዲበቃ ማድረግ። ጠባዩም አንድ ነው፦ መቀመጫው ሥር በተቀመጡ ጥቂት ቁልፎች፣ አንድ ካቻቢቴና አንድ ፒንሳ ጫካ መካከል ተበላሽቶ ጫካ መካከል የሚጠገን መሆኑ። የሚጨመረው ዕቃ ሁሉ በዚህ ሚዛን ቢመዘን ሥራው አቅጣጫ ይይዛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ማሻሻያ ሞተሩን ወደ ነበረበት መመለስ ነው። አዲስ ጎማና አዲስ መብራት ዓይን ይስባሉ፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው ኩሽኔታ ላይ የታሰረ አዲስ ጎማ ግን የመጀመሪያው ዳገት ላይ ያጋልጣል። የፊቱ ጎማ ከመሬት ተነሥቶ ላይና ታች፣ ከዚያም ግራና ቀኝ ይነቀነቃል። ላይና ታች ቢንቀሳቀስ ጥርጣሬው ኩሽኔታውና ጎማውን የያዙት ክንዶች መጋጠሚያ ላይ ነው፤ ግራና ቀኝ ከሆነ ቴስቲናው ነው። የፊት ዘንጎቹ የላስቲክ ልባስ ተሰንጥቆ ከሆነ ግራሶው ወጥቶ አሸዋ ገብቷል ማለት ነው። የዲፍሬንሻሉ ዘይት ይቀዳል፤ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከወጣ ፓራዮሊዮው ወይም የመተንፈሻ ቱቦው ውኃ አስገብቷል። ፍሬሙ ታጥቦ ብየዳው ሁሉ በመብራት ይታያል። በዚህ ሥራ ላይ ጭቃው ሲፋቅ ድርብርብ ሆኖ ይወጣል፤ ላይኛው ቡናማ፣ ውስጠኛው ጥቁር ነው። ጥቁሩ ከሰል በብዛት ይቆፈርበት የነበረ ዘመን ጭቃ ነው።

ቀጥሎ ያ ሽታ የሚመነጭበት ቦታ ይደረሳል። ካርቡራተሩ ሲፈታ ተንሳፋፊው ያለበት ሳህን ቨርኒሽ ለብሶ፣ ጂግለር የሚባሉት ጥቃቅን የናስ ቀዳዳዎች ተዘግተው ይገኛሉ። ናሱ በማጠቢያ ፈሳሽና በታመቀ አየር ይጸዳል፤ በሽቦ መውጋት ቀዳዳውን ስለሚያሰፋ የነዳጁ ልክ ይበላሻል። አዲስ ጋርኔሽን፣ አዲስ የተንሳፋፊ መርፌ፣ አዲስ የነዳጅ ቱቦ ይገባል። ቱቦው ላይ መቆጠብ አይገባም፤ ሞተሩ ሲሠራ በአሜሪካ ማደያዎች ያልተስፋፋው አሥር በመቶ ኤታኖል የተቀላቀለ ቤንዚን ዛሬ የተለመደ ነው፤ ኤታኖል ደግሞ እርጥበት ይስባል፣ የድሮ ላስቲክም ያለሰልሳል። ይህን የሚችል ቱቦና ግልጽ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ለወራት የሚቆም ከሆነ የነዳጁ ቧንቧ ተዘግቶ ሳህኑ ይፈሳል። ካርቡራተሩን አውጥቶ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ ሥርዓት መግጠም የሚያምረው አለ። ካርቡራተር ግን በብርድ ማለዳ ቾክ ተስቦ፣ ጋዙ በአውራ ጣት እየተዳሰሰ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ በጆሮ የሚጠበቅ ነገር ነው። ቢዘጋም ወንዝ ዳር ይፈታል።

የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ ከነዳጁ ያልተናነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያረጀ ስፖንጅ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪውና የከሰሉ አቧራ አብረው ወደ ሲሊንደር ሲገቡ የፒስተኑን ፋሻ ይበሉታል። አዲሱ በማጣሪያ ዘይት ርሶና ተጨምቆ ይገባል። ከዚያ የሞተሩ ጤና ይለካል፦ የሲሊንደሩ ግፊት፣ የቫልቮቹ ክፍተት፣ የካንዴላው ቀለም። ደረቅ ጥቁር ካንዴላ ነዳጅ መብዛቱን፣ ነጭ የሆነው ማነሱን፣ በዘይት የራሰው የፋሻ ወይም የቫልቮ ድካም ይናገራል። ሲሊንደሩን ማስፋትና ትልቅ ፒስተን ማስገባት ይቻላል፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ግን የሚያወጣው ሙቀት ወሰን አለው። ለተራራ መንገድ የሚጠቅመው በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል የደረቀውን ጭቃ መፋቅ ነው። በዘገምተኛ ዳገት ላይ ሞተሩን የሚገድለው ሙቀት ከዚያ ይጀምራል።

ጎማ የመልኩን ያህል ጠባዩንም የሚቀይር ነገር ነው። የድሮው ጎማ ጥርሱ ዝቅ ያለ፣ ጎኑ ቀጭን ነበር፤ የተሳለ ድንጋይ ሲወጋው ከተራራው በእግር መውረድ የተለመደ ነበር። አሁን ጎኑ በስድስት ንብርብር ጥንካሬ የተሠራ፣ ራዲያል የሆነ ጎማ በቀላሉ ይገኛል፤ ራዲያሉ ድንጋዩን እየተቀበለ ይተጣጠፋል፣ መሬቱንም ሰፋ አድርጎ ይይዛል። አየሩ እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 7 ፒ.ኤስ.አይ. ብቻ ስለሆነ በመኪና ጎማ መለኪያ በትክክል አይነበብም፤ ዝቅተኛ ግፊት የሚያነብ መለኪያ ያስፈልጋል። በመጠን ረገድ ግን ልከኛነት ይመረጣል። ባለ 24 ኢንች ጎማ በባለ 25 ሲተካ ማርሹ አራት በመቶ ገደማ ይረዝማል፤ በባለ 26 ከሆነ ከስምንት በመቶ በላይ። ያ ማለት በዳገት ላይ ጉልበት ይቀንሳል፣ በቁልቁለትም ሞተሩ የሚይዘው ይላላል። ሁልጊዜ በአራት ጎማ የሚነዳው ፎርትራክስ መሪው ከመጀመሪያውም ከባድ ነው፤ ሰፊ ጎማ ደግሞ ክንድ ያዝላል።

ጎማውን ወደ ውጭ የሚገፋ፣ ስፔሰር የሚባል ብረት መጨመር ሞተሩን ያረጋጋዋል፤ በገደል ጠርዝ ላይ ይህ የሚናቅ አይደለም። በዚያው መጠን ኩሽኔታው ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። ስፋቱንም መርሳት አይገባም፤ በአሜሪካ የደን አገልግሎት ብዙ መንገዶች ላይ የሚፈቀደው ስፋት 50 ኢንች፣ ማለትም 127 ሴንቲሜትር ነው። ፎርትራክስ በዚህ በር በደህና የሚያልፍ ጠባብ ሞተር ነው። ዛሬ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጡት ሰፋፊ ተሽከርካሪዎች በሚመለሱበት ቦታ እሱ ይቀጥላል። ጠባብነቱ ሳይታሰብ የቀረለት ትልቅ ሀብት ስለሆነ በትርፍ ዕቃ ማጥፋቱ ጉዳት ነው።

አሞርዛተር ላይ ያለፈውና የአሁኑ ልዩነት በአካል ይሰማል። የድሮ ነጂ ድንጋያማ መንገድ ላይ ከመቀመጫው ተነሥቶ በጉልበቱ ነበር የሚነዳው፤ ማታ ወገቡ መንገዱን ያስታውሰዋል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው አሞርዛተር ዘይቱ አልቆ ሞላው ብቻ የቀረ ነው፤ ሞተሩ አንዴ ከተመታ ደጋግሞ ይነጥራል። በአዲስ መተካት ከገንዘቡ በላይ የሚከፍል ማሻሻያ ነው። ሞላው በነጂውና በጭነቱ ክብደት ይመረጣል፤ ነጂው ሲቀመጥ ከሙሉ እንቅስቃሴው ሲሶ ገደማ ቢወርድ ልኩ ነው። ሞተሩን ከመሬት ከፍ የሚያደርግ መገጣጠሚያም ይሸጣል። ያ ግን የዘንጎቹን ማዕዘን ስለሚያሰፋ መጋጠሚያቸውን ቶሎ ይጨርሳል፤ ዘንግ የሚሰበረውም ብዙ ጊዜ ከቤት ርቆ ነው።

ፍሬኑ የዚህ ሞተር ትልቁ ድክመት ነበር። ከፊት ሁለት ታምቡሮች በዘይት ግፊት፣ ከኋላ አንድ ታምቡር በገመድ ይሠራሉ። አዲስ ሳሉ ውኃ የማያስገቡ ነበሩ፤ ላስቲካቸው ሲደርቅ ግን ወንዝ በተሻገሩ ቁጥር ውኃና ጭቃ ይገባል። የድሮ ነጂዎች ከውኃ ሲወጡ ፍሬኑን ቀለል አድርገው ይዘው ጥቂት ሜትር ይነዱ ነበር፤ የፍሬን ሸራው እስኪደርቅ። ቁልቁለት ከመጣ በኋላ ማድረቅ እንደማይቻል የሚያውቁት በልምድ ነው። ዛሬ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ታምቡሩን ከነሲሊንደሩ፣ ከነላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ማደስ፤ ሁለተኛው የፊቱን በዲስክ መተካት ነው። ዲስክ ውኃን ቶሎ ያራግፋል፣ ሸራው ማለቁም በዓይን ይታያል። ብዙ ወንዝ ባለበት መንገድ ዲስኩ ይመረጣል፤ አዲሱ የፍሬን ቱቦ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ጎማውን እንዳይነካ ግን በጥንቃቄ መታሰር አለበት።

ማታ በጫካ መንዳት በዚያ ዘመን በግምት ነበር። የፊቱ መብራት ቢጫና ደካማ ስለነበረ ጥላውና ጉድጓዱ አይለዩም፤ ሞተሩ ዝግ ሲል መብራቱም ይደበዝዛል። አሁን ሁለት አነስተኛ ኤልኢዲ መብራቶች ከአንድ 55 ዋት ሃሎጅን ያነሰ ኃይል በልተው የበለጠ ያሳያሉ። ለአሮጌ ሞተር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዲናሞው የሚያመነጨው ውስን ነውና። መጎተቻ ዊንች ሲጨመር ጉዳዩ ይከብዳል። ዊንች በሙሉ ጭነት ከመቶ አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል፤ የሚመግበው ባትሪው እንጂ ዲናሞው አይደለም። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ፣ በአጭር በአጭሩ እያረፉ መጎተት ይገባል። የዊንቹ አቅም ከሞተሩ፣ ከነጂውና ከጭነቱ ድምር አንድ ተኩል እጥፍ ማነስ የለበትም፤ ለፎርትራክስ 2,500 ፓውንድ የሚጎትተው ይበቃል። ሰው ሠራሽ ገመድ ከብረቱ ይቀላል፤ ቢበጠስም ጉዳቱ ያነሰ ነው። አዲሶቹ ሽቦዎች በሙሉ ፊውዝ ይኑራቸው፣ ከሞተሩ የመጀመሪያ ሽቦ ጋር ሳይቀላቀሉ ይዘርጉ። ማታ ጫካ ውስጥ ችግር የሚፈልግ ሰው የትኛው ሽቦ የቱ እንደሆነ መለየት አለበት።

ማርሚታው ላይ ትዝታና ሕግ ይገናኛሉ። የዚያ ሞተር ድምፅ ጎርናና፣ ዝግ ያለ፣ ከሸለቆ ማዶ ማን እንደመጣ የሚያሳውቅ ነበር። በገበያ የሚሸጡት ክፍት ማርሚታዎች ድምፁን ያጎላሉ፤ የሚጨምሩት ጉልበት ግን ትንሽ ነው፤ ጂግለሩም አብሮ ካልተለወጠ ነዳጁ ያንስና ሞተሩ ይግላል። በብዙ ግዛቶች ከጭስ መውጫው በግማሽ ሜትር ርቀት ሲለካ ከ96 ዴሲቤል በላይ አይፈቀድም። በደን ውስጥ ፍንጣሪ መያዣ ግዴታ ነው፤ የደረቀ ቅጠል አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። የመጀመሪያው ማርሚታ ካልዛገ እሱን ፈትቶ ጥላሸቱን ማውጣት ከሁሉ የተሻለ ነው። ጸጥ ያለ ሞተር መንገዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ይረዳል፤ መንገዱ የሚያልፈው በሰዎች ደጃፍ ነውና።

የላይኛው አካል መጨረሻ ይመጣል። ቀዩ ፓራፋንጎ በፀሐይ ብዛት ነጥቶ እጅ ላይ ዱቄት ይተዋል። ፕላስቲኩ ፖሊኢታይሊን ስለሆነ ቀለም አይዝም፤ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያሉ ማሸትና ማለስለስ ግን ከሥሩ ያለውን ቀይ ይመልሰዋል። በሙቀት ማሞቅም ቀለሙን ያነቃዋል፤ ብዙ አይቆይም እንጂ። ከሞተሩ ሥር የአሉሚኒየም ሳህን፣ በክንዶቹ ፊት መከላከያ ይታሰራል፤ የዛሬው መንገድ ድንጋይ ይበዛበታል። የእጅ መከላከያ ቅርንጫፍን ከጣት ይመልሳል። ፊትና ኋላ ያለው ፖርቶ መጋላ የተሠራው ለሥራ ስለሆነ ብርቱ ነው፤ ጭነቱ ዝቅ ብሎ ይታሰር፣ ከኋላ አይብዛ፤ ዳገት ላይ ፊቱ ይነሣል።

በዚያ ፖርቶ መጋላ ላይ በድሮው ዘመን ልጆች ይቀመጡ ነበር። ማንም ቁር አያጠልቅም፤ ታናሽ እህት ከኋላ፣ ውሻው ከፊት። ያ ትዝታ ጣፋጭ ነው፤ ከዚያ ጉዞ ያልተመለሱ መኖራቸውም እውነት ነው። ረጅሙ መቀመጫ የተሠራው ነጂው ክብደቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲያዛውር ነው፤ ሁለተኛ ሰው ሲቀመጥበት ይህ ነፃነት ይጠፋል፣ ሞተሩም ዳገት ላይ ወደ ኋላ ለመገልበጥ ይቀርባል። ከ90 ሲሲ በላይ የሆነ ባለአራት ጎማ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንደማይሆን በ1988ቱ ስምምነት በግልጽ ተጽፎ በሞተሮቹ ላይ ተለጥፏል። በ2008 ደግሞ የደኅንነት መስፈርቱ በሕግ ግዴታ ሆነ፤ አዲስ ባለ ሦስት ጎማም እንዳይሸጥ ተከለከለ። ዱሮን በሚያድስ ሰው እጅ ያለ ቁርና ልጆች ጭኖ መንዳቱ ብቻ ሳይታደስ ይቅር፤ ጥሩ ቁር፣ መነጽር፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ከማናቸውም ጌጥ በፊት ይገዛ።

ሥራው ሲያልቅ ሁለት ነገር ይቀራል። የመጀመሪያው ሙከራ ነው፤ በአረንጓዴ ምልክት መንገድ አጭር ርቀት ተነድቶ ብሎኖቹ ሁሉ እንደገና ይጠበቃሉ፣ ዘይቱ ይታያል፣ የፍሬኑና የኩሽኔታው ሙቀት በእጅ ይዳሰሳል፤ ከዚያ ወደ ሰማያዊው ይታለፋል። ሁለተኛው መዝገብ ነው። የተለወጠው ጂግለር ቁጥር፣ የአዲሱ ኩሽኔታ መለኪያ፣ የሽቦዎቹ አቅጣጫ በደብተር ይጻፋል፤ የወጡት የመጀመሪያ ክፍሎች፣ ታምቡሩም ማርሚታውም፣ ዘይት ተቀብተው በሣጥን ይቀመጣሉ። በ1990ዎቹ ይህ ዕውቀት የሚተላለፈው አባት ሲፈታ ልጅ መብራት ይዞ በመቆም ነበር፤ ሥራ ፍለጋ ብዙዎች ከሸለቆዎቹ ከወጡ በኋላ ያ መስመር በብዙ ቤት ተቋርጧል። ደብተሩና ሣጥኑ የሚተኩት እሱን ነው። ሞተሩን ነገ የሚረከበው ሰው የትኛው የፋብሪካው፣ የትኛው የባለቤቱ ሐሳብ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ይችላል፤ ያልወደደውን ይመልሳል፣ የወደደውን ያቆየዋል፣ በራሱ እጅም ይጠግነዋል።